ክርክር፦ የታዋቂ ዲዛይነር ወንበር ኮፒ መግዛት ነውር ነው ወይስ ብልሃት?

የሮተርዳሟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ትንሽ የአበሻ ምግብ ቤት ልንከፍት ነው፤ ወንበር ላይ መስማማት አቅቶን ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። ዓይኔ ያረፈው መቀመጫና መደገፊያው አንድ ወጥ ፕላስቲክ፣ እግሩ እንጨት የሆነው ወንበር ላይ ነው። ስሙን ባታውቁትም አንዱ ካፌ ተቀምጣችሁበታል። የቻርልስ እና የሬይ ኢምስ ሥራ ነው። አውሮፓ ውስጥ መብቱን የያዘው ቪትራ አንዱን ከ400 ዩሮ በላይ ይሸጠዋል፤ ኮፒው ከ50 ዩሮ በታች ይገኛል። እኔ ኮፒው ይበቃናል ባይ ነኝ። እሱ «የሌባ ዕቃ ላይ እንግዳ አላስቀምጥም» አለ። እስቲ ፍረዱን።

ቡና ጠጪ፦
ግዢ እህቴ፣ ምኑ ያነጋግራል! ኢምሶች ይህን ወንበር መቼ ለሀብታም አሰቡትና። መነሻው የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው የርካሽ የቤት ዕቃ ውድድር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በፋይበርግላስ መመረት ሲጀምር ሐሳቡ ብዙ ሰው አቅሙ እንዲችለው ነበር። ባልና ሚስቱ ካረፉ ቆዩ። 400 ዩሮው የማን ኪስ ነው የሚገባው?

ነገረ ሕግ፦
የማን ኪስ እንደሚገባ ሕጉ አይጠይቅም። አውሮፓ ውስጥ ወንበሩ እንደ ጥበብ ሥራ ከተቆጠረ የቅጂ መብቱ ሠሪው ካረፈ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ሬይ ያረፈችው በ1988 ስለሆነ እስከ 2058 መጨረሻ ማለት ነው።

በዚህ ወንበር ላይ ክስ የተነሣው ደግሞ እዚያው እናንተ ሰፈር ነው። ክዋንቱም የሚባለው የሆላንድ የቤት ዕቃ መደብር ይህንኑ የሚመስል ወንበር «ፓሪስ» ብሎ ሲሸጥ ቪትራ ከሰሰው። የክዋንቱም መከላከያ፣ አሜሪካ ለእንዲህ ያለ ወንበር የቅጂ መብት የማትሰጥ ከሆነ እኛስ ለምን እንሰጣለን የሚል ነበር። በእርግጥ የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ለዚህ ክፍተት የሚተው አንቀጽ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በኦክቶበር 2024 አባል አገሮች በራሳቸው ውሳኔ እንዲህ ያለ አጸፋ ሊመልሱ አይችሉም አለ። ወንበሩ በእርግጥ ጥበቃ የሚገባው የፈጠራ ሥራ ነው ወይ የሚለውን ለአገሩ ዳኞች ተወው።

አንቺን የሚነካሽ ግን የ2008ቱ ፍርድ ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር የአርክቴክቱን የለ ኮርቡዚዬን ወንበሮች ኮፒ ለደንበኞቹ ማረፊያ አስቀምጦ፣ የወንበሮቹን መብት የያዘው ካሲና ከሶት ነበር። ሰው እንዲቀመጥበት ማድረግ ብቻውን ዕቃውን ማሰራጨት አይደለም ተባለ። ስለዚህ ዋናው ተጠያቂ ሻጩ ነው። ራስሽ ከቻይና ካስመጣሽ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጉምሩክ ሊይዝብሽ ይችላል።

ባልየው፦
ከሳሽ ቀድማ መጣች፣ ተከሳሹን ደግሞ ስሙኝ። ሕግ ይከለክላል አላልኩም። ነገ አንዱ የምግብ ቤታችንን ስም፣ የምግብ ዝርዝራችንን፣ የግድግዳ ሥዕላችንን ሳይቀር ገልብጦ ከመንገዱ ማዶ ቢከፍት «ብዙ ሰው ይጠቀም» ብለን እናጨበጭባለን?

ቡና ጠጪ፦
ወንድሜ፣ ስም ሌላ ቅርጽ ሌላ። ኮፒ ሠርቶ ከሥሩ «ቪትራ» ብሎ የሚጽፍ አጭበርባሪ ነው፤ እሱን እኔም አልደግፍም።

ዲሲ ነኝ፦
እዚህ አሜሪካ እንዲያውም ክርክሩ ያለው እዚያው ስም አካባቢ ነው። የዲዛይን ፓተንት (ለዕቃው ቅርጽ የሚሰጠው የተመዘገበ መብት) 15 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ በንግድ ምልክት ሕግ ነው የሚመጡት። ኢሜኮ የሚባለው ወንበር ሠሪ በ1944 ለባሕር ኃይል የነደፈውን የአሉሚኒየም ወንበር አስመስለህ ሸጥክ ብሎ በ2012 ሬስቶሬሽን ሃርድዌር የሚባለውን የቤት ዕቃ ሻጭ ከሰሰ፤ በስምምነት አለቀ።

ለንደን ያለሁት፦
የእንጨት ዕቃ ጥገና ነው ሥራዬ። እንግሊዝ ድሮ በፋብሪካ ለሚባዛ የጥበብ ሥራ 25 ዓመት ብቻ ነበር የምትሰጠው። በጁላይ 2016 ያ አንቀጽ ተሻረ፤ ኮፒ ሻጮችም ያላቸውን ክምችት እስከ ጃንዋሪ 2017 ሸጠው እንዲጨርሱ ተደረገ። እኔን ከጠየቃችሁ 25 ዓመቱ ፍትሐዊ ነበር።

የማልቀበለው «ያው ነው» የምትሏትን ነገር ነው። ዴንማርካዊው ሃንስ ቬግነር በ1949 የነደፈውን፣ መደገፊያው ባላ እንጨት የሚመስለውን ወንበር እንውሰድ። ካርል ሀንሰን የሚባለው ፋብሪካ ከ1950 ጀምሮ ይሠራዋል። መቀመጫው 120 ሜትር ገደማ የወረቀት ገመድ በእጅ ተጎንጉኖበት ነው። ኮፒው እኛ ጋ ለጥገና ሲመጣ ገመዱ ረግቦ፣ የመደገፊያው ቅስት መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ነው። የረከሰው ለዲዛይነሩ ስላልተከፈለ ብቻ አይደለም፤ ከእንጨቱም ከእጅ ሥራውም ተቀንሶለታል። እህቴ፣ ኮፒም ብትገዢ ሻጩን ኢኤን 16139 የሚባለውን ፈተና አልፏል ወይ በይው፤ ለንግድ ቤት መቀመጫ የወጣው የአውሮፓ መስፈርት እሱ ነው። ብዙው ርካሽ ወንበር ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲፈራረቅበት አይችልም።

አናጢው (አዲስ አበባ)፦
ልጆች፣ እናንተ ፍርድ ቤት ገባችሁ። እኛ ዘንድ ደንበኛው ስልኩ ላይ ፎቶ ይዞ ይመጣና «እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» ይላል። የማን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እኔም አልጠይቅ። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የተመዘገበ የኢንዱስትሪ ዲዛይን ጥበቃው 5 ዓመት ነው፤ ሁለት ጊዜ ይራዘማል። ይበቃል ባይ ነኝ። ቶኔት የሚባለው የድሮ ወንበር ሠሪ በእንፋሎት ከታጠፈ እንጨት የሠራውን ወንበር በ1859 አወጣ፤ ፓተንቱ በ1869 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ተረባረቡበት። ቶኔት በዚህ አልጠፋም፣ ስሙ ዛሬም አለ።

ልጄ፣ ዕቃው ሲመጣ ገልብጠሽ እዪው። የእግሩ ብሎን በቀጥታ ፕላስቲኩን ነክሶ ከሆነ መልሺው፣ ይላላል። ብሎኑን ብረት በደንብ ይዞት ከሆነ ይሻላል። ደልዳላ ወለል ላይ አቁመሽ በሰያፍ ግፊው። ለመሆኑ የምታቀርቡት በጠረጴዛ ነው በመሶብ? ይህ ወንበር ከመሬት 45 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ መሶብ ዙሪያ ካስቀመጥሽው እንግዳው ጎንበስ ብሎ ወገቡ ይቆረጣል።

የሮተርዳሟ፦
ውይ ጋሼ፣ እሱን አላሰብኩም! አራት መሶብ አለን፣ የቀረው ጠረጴዛ ነው።

አናጢው (አዲስ አበባ)፦
ለመሶቡማ በርጩማ ነው። እሱን ማንም አይከስሽም።

ቡና ጠጪ፦
ጋሼ ቁም ነገር ነኩ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ አውሮፓ ውስጥ እንደ ጌጥ ይቸበቸባል። ለጅማ ጠራቢ የ70 ዓመት መብት የሰጠ ማን ነው? ነገረ ሕግ፣ ለዚህ መልስህን ልስማ።

ነገረ ሕግ፦
መልሴን አትወደውም። ሠሪው በስም የማይታወቅ፣ ከአባት ለልጅ ሲወርድ የመጣ ቅርጽ በቅጂ መብት ሥር አይገባም። አሳፋሪ ክፍተት ነው፣ አልክድም። ሆኖም ለጅማው ጠራቢ አለመከፈሉ ለሌላውም አይከፈል ለማለት ምክንያት አይሆንም።

ቡና ጠጪ፦
እኔ አይከፈል አላልኩም። ሃምሳ ዩሮ ያለውን ሰው ብቻ ሌባ አትበሉት ነው ያልኩት። የጅማውን ገልብጦ የሚሸጠውንም እንደዚያው ጥሩት።

ለንደን ያለሁት፦
ያገለገለ ኦሪጅናል ለምን አትፈልጉም? እዚያው ሆላንድ ውስጥ ቢሮዎች ሲዘጉ ወይም ዕቃ ሲቀይሩ በግማሽ ዋጋም ከዚያ በታችም ይገኛል። የተቧጨረ ፕላስቲክ ምንም አይለውም፤ እግሩን እንደሆነ መቀየር ይቻላል።

ባልየው፦
እሱን እቀበላለሁ። ትናንት ማታ ሁለታችንም ስንፈልግ አምሽተን ስምንት አግኝተናል። ለቀሩት ጠረጴዛዎች እሷ አሁንም ኮፒውን ትላለች፣ እኔ ደግሞ ዲዛይነር የማይጠራበት ተራ የእንጨት ወንበር እላለሁ። ገና አልተስማማንም።