ቸኩያለሁ! ሚኒሶታ፣ ብላክ አይስ (አስፋልት ላይ የማይታይ በረዶ) ላይ ተንሸራትቼ የፊቱን መኪና መታሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ?

ጠያቂው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ልገባ ስል መብራት ጋ ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናው ግን ዝም ብሎ ሄደ። መንገዱ ደረቅ ነበር የሚመስለው፣ ለካ ብላክ አይስ ነው። የፊቱን መታሁ። ወዲያው ደግሞ ከኋላ ሌላ መጥቶ እኔን መታኝ። የመንገዱ የፍጥነት ገደብ በሰዓት 40 ማይል ነው፣ እኔ 25 ብቻ ነበርኩ። ፖሊስ መጥቶ መረጃ ለዋውጦን ሄደ፣ ቲኬት የሰጠው ሰው የለም። አሁን የፊተኛው ሰውዬ ኢንሹራንስ ደውሎ ድምፅህን ቀድተን ቃልህን እንቀበል አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደውላሉ። በረዶ ስለሆነ የማንም ጥፋት አይደለም አይደል? ደግሞ እኮ ኖ ፎልት (ማን አጠፋ ሳይባል የየራስህ ኢንሹራንስ የሚከፍልበት) ስቴት ነው ያለነው።

የክረምት ሹፌር፦
ወንድሜ እንኳን አተረፈህ። ግን እዚህ አገር ስትነዳ መብራት ያለበትን ቦታ ፍራ። መኪኖች ቆመው ከጭስ ማውጫቸው የሚወጣው እንፋሎት አስፋልቱ ላይ ይረጋል፣ አይታይም። ድልድይም ከሥሩ ነፋስ ስለሚያልፍ ከመንገዱ ቀድሞ ይበርዳል። ጨው ተበትኗል ብለህ አትመን፣ ከ15 ፋራናይት በታች ሲወርድ ተራው ጨው አቅም የለውም። ከሩቅ ጀምረህ ነው ፍጥነት መቀነስ ያለብህ። እኔ ብሆን ባለ ምስማር ጎማ አስገባ ነበር።

እህት ከብሩክሊን ፓርክ፦
ባለ ምስማር ጎማ ሚኒሶታ ውስጥ ለነዋሪ ክልክል ነው፣ ልጁን ሌላ ጣጣ ውስጥ እንዳትከቱት። የክረምት ጎማ ማለት ሌላ ነው። ፎቶ አንሳ ወንድሜ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሳ።

ጠያቂው፦
መኪናው ተጎትቶ ሄዷል። እባካችሁ ስለ ስልኩ ንገሩኝ።

አባወራው፦
ፎቶ አንሳ። ዳሽ ካም (መኪና ውስጥ ሆኖ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ደግሞ ግዛ።

ሐቁን ልንገርህ፦
አትቀየም፣ ግን በረዶ ስለሆነ የማንም ጥፋት አይደለም የሚለው አያስኬድም። ሕጉ የሚለው ለመንገዱ ሁኔታ በሚሆን ፍጥነት ንዳ ነው። መንገዱ 40 ቢልም በረዶ ላይ 25ም ሊበዛ ይችላል። ከፊትህ ካለው ርቀት መጠበቅም ያንተ ግዴታ ነው። ቲኬት አልተቆረጠብህም ማለት ጥፋት የለብህም ማለት አይደለም።

ጠያቂው፦
ኖ ፎልት ነው እያልኩህ እኮ!

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ፦
ኖ ፎልት ለሰውነት ነው፣ ለመኪና አይደለም። ማንም ያጥፋ ማን ሕክምናህን የሚከፍለው የራስህ ኢንሹራንስ ነው። ትንሹ ሽፋን ለሕክምና 20,000 ዶላር፣ ለቀረብህ ደሞዝና ለመሳሰለው ሌላ 20,000 ነው። የመኪናው ጉዳት ግን በጥፋት ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ስልኩ። ለእነሱ ኢንሹራንስ ድምፅህን አስቀድተህ ቃል የመስጠት ግዴታ የለብህም። መጀመሪያ ለራስህ ኢንሹራንስ ደውል፣ እነሱ ጋ መተባበር በውልህ ውስጥ አለ። ሌላው ከደወለ «የኔን ኢንሹራንስ አነጋግሩ» በልና የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ቁጥርህን ስጥ። አትዋሽ፣ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለህም አትፍረድ።

ደግሞ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። የኋለኛው ሳይመታህ በፊት ነው የፊቱን የመታኸው ወይስ ገፍቶ ነው ያስመታህ? የፊተኛው ሰውዬ ስንቴ እንደተመታ ጠይቁት። አንዴ ከሆነ የኋለኛው ገፍቶህ ሊሆን ይችላል። ሁለቴ ከሆነ የመጀመሪያው ያንተ ነው። ፉል (የራስህንም መኪና የሚሸፍን) ነው ላያቢሊቲ (ሌላው ላይ ያደረስከውን ጉዳት ብቻ የሚከፍል) ያለህ?

ጠያቂው፦
ላያቢሊቲ ብቻ። እኔ ነኝ ቀድሜ የመታሁት፣ ከዚያ ነው እሱ የመጣው። ሰውዬው ስንቴ እንዳለ አላውቅም።

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ፦
እንግዲያው የፊተኛውን መኪና ያንተ ላያቢሊቲ ይከፍላል። ያንተ የፊት ጉዳት በራስህ ኪስ ነው። የኋላህን ግን ዝም ብለህ አትተው፣ የኋለኛው ሰውዬ ኢንሹራንስ ላይ ክሌም ክፈት። እሱም በረዶ ነው ይላል፣ ያው ያንተኑ ምክንያት ማለት ነው። ጥፋት በፐርሰንት ይከፋፈላል፣ ያንተ ከእሱ ካልበለጠ ድርሻህ ተቀንሶ ይከፈልሃል። ከበለጠ ምንም የለም። ስለዚህ የፊቱና የኋላው ጉዳት ለየብቻ እንዲጻፍ አድርግ። ዛሬውኑ መኪናው የቆመበት ሄደህ ፎቶ አንሳ።

ነርሷ፦
ሁላችሁም ስለ መኪና! ልጄ፣ አንገትህን ያምሃል? ከኋላ የተመታ ሰው በማግስቱ ነው አንገቱ የሚደርቀው። ዛሬ ሐኪም ይይህ፣ ክፍያው ከላይ እንደተባለው በኢንሹራንስህ ነው። «ደህና ነኝ» ብለህ ለማንም እንዳትናገር።

ጠያቂው፦
ትንሽ ጀርባዬን ይዞኛል። ስልኩ እየጠራ ነው፣ መጣሁ።

አባወራው፦
እንዳትቀዳ!

እህት ከብሩክሊን ፓርክ፦
ሦስት ቀን ሆነው እኮ። ወንድሜ ምን አሉህ? ሐኪም ጋስ ሄድክ?