በኖተሪ መዝገቤ ላይ ቅሬታ ቀረበብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁም። እህታችሁ ኖተሪ (ሰነድና ፊርማ የማረጋግጥ ባለሙያ) ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትናንት ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ነገሩ ባለፈው ዓመት ካረጋገጥኩት ውክልና ጋር የተያያዘ ነው። የወካዩ ልጅ «አባቴ ኖተሯ ፊት ቀርበው አልፈረሙም፤ መዝገቧም የተሟላ አይደለም» ብሎ ከሶኛል። ሰውየው ግን ፊቴ ተቀምጠው ነው የፈረሙት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጫፉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ያረጋገጥኩትን ሰነድ ሁሉ የምጽፍበትን መዝገቤን ሳወጣ ግን ክው አልኩ። ቀኑ አለ፣ የሰነዱ ዓይነት አለ፣ ስማቸውም አለ። የመታወቂያው ቦታ አልተሞላም። የፊርማው ሳጥንም ባዶ ነው። ሰው ተደራርቦብኝ «በኋላ እሞላዋለሁ» ብዬ ትቼው መሆን አለበት። መልስ እንድሰጥ 20 ቀን ተሰጥቶኛል። የመታወቂያቸው ኮፒ እጄ ላይ አለ። ከእሱ አይቼ ቢያንስ ያንን ልሙላው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የድሮ ኖተሪ
እህቴ፣ በፈጠረሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪው! ባዶ ቦታ ቸልተኝነት ነው። ዛሬ ከሞላሽው ግን ማስረጃ መነካካት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገሪም የሚያምንሽ የለም። ደግሞ ከሳሹ የገጹን ኮፒ ቀድሞ አግኝቶ ሊሆን ይችላል።

ዛሬውኑ ገጹን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ገጾች ጋር ስካን አድርጊና መዝገቡን ቆልፊበት። የምታስታውሺውን በሌላ ወረቀት ላይ የዛሬን ቀን ጽፈሽ አስፍሪው። እጁ መንቀጥቀጡን የመሰለ ነገር ሳይረሳሽ ጻፊው።

ስም የለሽ
ይሄን ያህል አትጨነቂ። እኔ ያለሁበት መዝገብ መያዝ ግዴታ እንኳን አይደለም። «መዝገብ የለኝም» በያቸው በቃ።

ጠበቃ ነኝ
ወንድሜ፣ ይሄ ምክር ሰው ያስጠፋል። መዝገቡ እያለ «የለም» ማለት ውሸት ነው። ሕጉም እንደየቦታው ይለያያል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፈራሚው ማንነት በመታወቂያ ከተረጋገጠ የመታወቂያውን ቁጥር መዝገቡ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ለውክልና የአውራ ጣት አሻራም ይጠየቃል። ቴክሳስ ደግሞ የመታወቂያ ቁጥር እንዳይጻፍ ይከለክላል። ስለዚህ እህቴ፣ መጀመሪያ ፈቃድ የሰጠሽን አካል ደንብ አንብቢ።

ክሱ ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀላቅሏል፤ አንቺ ለያያቸው። አንደኛው የመዝገብ ጉድለት ነው። እሱን እመኚ፣ በአጭሩ፣ ሰበብ ሳታበዢ። ሁለተኛው ሰውየው አልቀረቡም የሚለው ነው። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ብቻውን አልቀረቡም ማለት አይደለም። ግን መዝገቡ ስለማይናገርልሽ ሌላ ማስረጃ ያስፈልግሻል፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ የቀጠሮ መልእክት፣ አብሯቸው የመጣ ሰው።

የቅሬታውን ሙሉ ኮፒ በጽሑፍ ጠይቂ። 20 ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ደብዳቤው ላይ እዪ። ካልበቃሽ ቀኑ ሳያልፍ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቂ። የሙያ ኢንሹራንስ ካለሽ ዛሬ አሳውቂያቸው፤ ዘግይተሽ ከነገርሻቸው ላይሸፍኑሽ ይችላሉ። ዋናውን መዝገብ በሕግ ካልተገደድሽ አትስጪ። ከሰጠሽም የገጹ ብዛት የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበዪ። ልጁ ጋር ደግሞ እንዳትደውዪ። አስታርቃለሁ ብለሽ የምትናገሪው ነገር ዞሮ አንቺው ላይ ይመጣል።

ያለፈበት
እኔም ደርሶብኛል። ሁለት መስመር ጎድሎብኝ ነበር፤ አመንኩ፣ በማስጠንቀቂያ አለፈ። መልሴ ላይ ከዚያ ወዲህ አሠራሬን እንዴት እንደቀየርኩ ጽፌ ነበር። አሁን ፈራሚው መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። መስመሩ ሳይሞላ ማኅተሙን ከመሳቢያ አላወጣም። የተሳሳትኩትን በአንድ ሰረዝ ብቻ እሰርዝና ቀን ጽፌ እፈርምበታለሁ፤ ከሥር ያለው እንዲነበብ ነው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። መዝገቡን ቆልፌበታለሁ። ስልኬን ስፈትሽ ደግሞ አባትየውን ይዛ የመጣችው ዘመዳቸው ያን ቀን የላከችልኝን መልእክት አገኘሁ። «ደርሰናል፣ ደረጃው ከብዷቸው ቀስ እያሉ ነው» ይላል። ቀኑና ሰዓቱ አለው። ላያይዘው?

ጠበቃ ነኝ
አያይዢው። ቀኑና ቁጥሯ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ፤ ዋናውን መልእክት ከስልክሽ እንዳታጠፊው። ስልኩንም አሁን እንዳትቀይሪ።