የባክቴሪያዎቹ መልእክት ሳህኑን ሁሉ ሲያዳርስ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ሁለት ዓይነት ኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎችን አዘጋጅቻለሁ። አንደኛው በሉክስ-አይ ዘረመል አማካይነት ኤ.ኤች.ኤል. የተባለውን መልእክተኛ ሞለኪውል ያመርታል፤ ሁለተኛው ሞለኪውሉን በሉክስ-አር ፕሮቲን ተቀብሎ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ይሠራል። ተቀባዩን በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ ባለ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ ዘርቼ ላኪውን መሃል ላይ ሳስቀምጥ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዙሪያው ብቻ ያበራል፤ በማግስቱ ግን ሳህኑ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። የምፈልገው ድንበሩ ጎልቶ የሚታይ ክብ ነው። ላኪውን ላዳክመው ወይስ የተቀባዩን ንድፍ ልለውጥ?

መልስ 1

ላኪውን ማዳከም ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ኤ.ኤች.ኤል. የሕዋስ ሽፋንን በቀላሉ የሚያልፍ ትንሽ ሞለኪውል በመሆኑ፣ የሚያጠፋው ነገር እስከሌለ ድረስ እየተጠራቀመ ዳር መድረሱ አይቀርም። ይህ ሥርዓት የተወሰደበት ቪብሪዮ ፊሸሪ የተባለው የባሕር ባክቴሪያ በሃዋይ ትንሽ ስኩዊድ የብርሃን አካል ውስጥ ሲኖር መጠራቀሙ ራሱ ቁም ነገሩ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ መብዛታቸውን የሚያውቁት በዚያ ነውና። ያም ሆኖ ስኩዊዱ በየንጋቱ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች ወደ ባሕር ያስወጣል። በእርስዎ ሳህን ላይ ግን ይህን የሚያደርግ የለም።

ስለዚህ ኤ.አይ.አይ.ኤ. የተባለውን፣ ከባሲለስ ባክቴሪያ የተገኘና የኤ.ኤች.ኤል.ን የላክቶን ቀለበት (የሞለኪውሉን ክብ ክፍል) ከፍቶ ሥራ የሚያሳጣው ኢንዛይም በተቀባዩ ውስጥ ያስገቡ። በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የጄፍ ሄስቲ ቡድን የባክቴሪያ መንጋ በአንድነት እንዲያበራና እንዲጠፋ ያደረገው ይህንኑ ኢንዛይም ከሉክስ-አይ ጋር በማጣመር ነበር።

መልስ 2

በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ጥርት ያለ ድንበር ከተፈለገ ተቀባዩም መለወጥ ይኖርበታል። በ2005 የፕሪንስተኑ የሮን ዋይስ ቡድን ኤ.ኤች.ኤል. ሲበዛም ሲያንስም ጨልሞ በመካከለኛ መጠን ብቻ የሚያበራ ተቀባይ ሠርቶ፣ በላኪው ዙሪያ ቀለበት ለማሳየት ችሏል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም።

ከዚያ በፊት ተቀባዩን ብቻውን፣ ያለ ላኪ፣ በሌላ ሳህን ላይ ያሳድጉ። በማግስቱ እርሱም ካበራ ጥፋቱ የመልእክቱ ሳይሆን ሳይታዘዝ የሚሠራው የፕሮሞተሩ (ዘረመልን የሚያስነሳው የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል) ነው፤ ኢንዛይሙም አይረዳዎትም። በብዙ ጽሑፎች ላይ ይህ መቆጣጠሪያ ሳህን አለመታየቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ተቀባዩ ብቻውን ሲሆን አያበራም። ኢንዛይሙ በብዛት ሲመረት መልእክቱን ከነጭራሹ አያጠፋውም ወይ?

መልስ 3

በብርቱ ፕሮሞተር ካስመረቱት በእርግጥ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በደካማ ፕሮሞተር ይጀምሩና ክቡ እስኪጠብብ ድረስ ቀስ በቀስ ያጠንክሩት። ሁለት ነገር ልጨምር። ኢ. ኮላይ በኤል.ቢ. ምግብ ላይ ሲያድግ አካባቢውን ወደ አልካላይነት ይለውጣል፤ በዚህ ሁኔታ ኤ.ኤች.ኤል. ያለ ኢንዛይምም ይፈርሳል። የአጋሩን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መጠን) በበፈር፣ ማለትም እንዳይለዋወጥ በሚያረጋጋ ውህድ፣ ካልያዙት የአንዱ ቀን ክብ ከሌላው ቀን አይገጥምም። ሌላው የሙቀት መጠን ነው፦ ሉክስ-አር የባሕር ባክቴሪያ ፕሮቲን ስለሆነ ከ37 ይልቅ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ የተሻለ ይሠራል።

ወደፊት ከሌላ ባክቴሪያ የተገኘውን፣ ሉክስን የሚመስለውን የላስ ሥርዓት እንደ ሁለተኛ የመገናኛ መስመር ለመጨመር ካሰቡ፣ የአንዱ መልእክት የሌላውን ተቀባይ ሊቀሰቅስ ስለሚችል እያንዳንዱን ተቀባይ በሁለቱም ሞለኪውሎች ለየብቻ ይፈትኑት።