ምዝገባ ሲበዛ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲጠብ ምትክ የሚሆን የዲስክ ቦታ) የሚያጨናንቀው ሰርቨር

ጠያቂ (ደሴ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎች ምዝገባ የምንጠቀምበት ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ የሊኑክስ ሰርቨር ረፋድ ላይ እጅግ ይንቀራፈፋል፤ የሜሞሪ ይዞታን የሚያሳየው «ፍሪ» የተባለው ትእዛዝም ነጻ ሜሞሪ የለም ሊባል እንደሚችል ያሳያል። ሜሞሪ ከመጨመር ሌላ መፍትሔ ይኖር ይሆን?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ሊኑክስ ሥራ የፈታውን ሜሞሪ ለፋይል ካሽ (ከዲስክ የተነበቡ ፋይሎችን ለጊዜው ለማቆየት) ስለሚያውለው፣ ነጻውን ትተው «አቬይለብል» የሚለውን፣ ለፕሮግራሞች ሊሰጥ የሚችለውን ሜሞሪ የሚያሳየውን ዓምድ ይመልከቱ። ከዚያ በመጨናነቂያው ሰዓት የሜሞሪውን እንቅስቃሴ በየሰከንዱ የሚያሳየውን «ቪኤምስታት 1» የተባለ ትእዛዝ ሰጥተው «ኤስአይ» (ከስዋፕ ወደ ሜሞሪ የሚመለሰው) እና «ኤስኦ» (ከሜሞሪ ወደ ስዋፕ የሚወጣው) የተባሉትን ዓምዶች ይከታተሉ፤ ሁለቱም ከዜሮ በላይ ከቆዩ ሜሞሪው አልበቃም ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር ግን ይለፉት፣ ሰርቨሩ ከተነሣ ጀምሮ ያለው አማካይ ነውና።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሁለቱም ዓምዶች ወደ ዜሮ አይወርዱም። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው አፓቺ የተባለ ፕሮግራም እስከ 150 ፕሮሰስ (ጥያቄ ተቀባይ ሂደት) እንዲከፍት ተፈቅዶለታል፤ እያንዳንዱም ወደ 60 ሜጋባይት ይይዛል።

መልስ (ወልዲያ)፦ ሲባዛ 9 ጊጋባይት ሊደርስ ነው! በጋራ የሚይዙት ሜሞሪ ተደጋግሞ መቆጠሩ ባይቀርም፣ 4 ጊጋባይት ይህን አይችለውም። ለዳታቤዙ የሚበቃውን አስቀርተው የፕሮሰሶቹን ጣሪያ ወደ 35 ያውርዱት፤ ትርፉ ተመዝጋቢ ጥቂት ተራ ቢጠብቅ ይሻላል። «ስዋፒነስ»ን (ሊኑክስ ወደ ስዋፕ ለመውሰድ ያለውን ዝንባሌ የሚወስነውን ቁጥር) ከ60 ዝቅ ማድረግ እዚህ ላይ እምብዛም አይፈይድም።