ባሕር አይቼ አላውቅም፣ በውቅያኖስ ዳታ ፒኤችዲ መግባት እችላለሁ?

የጣና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ከጣና ሌላ ሰፊ ውሃ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ፊዚክስ ነው። ማስተርሴን በስታቲስቲክስ ሠርቼ አሁን አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። 29 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ።

የማስተርስ ጽሑፌ በደቡብ ኢትዮጵያ ዝናብ ላይ ነበር። እሱን ስሠራ ነው የህንድ ውቅያኖስ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቦረና ላይ የሚዘንበው ዝናብ አብሮ እንደሚለዋወጥ ያነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀረ። አሁን የውቅያኖስ ሳይንስን በዳታ በኩል ገብቼ ፒኤችዲ መማር፣ ከዚያም በዚሁ በምርምር መቀጠል እፈልጋለሁ። የማውቀው ሰው ሁሉ ግን «ወደብ እንኳን የሌለው አገር ተቀምጠሽ ስለ ውቅያኖስ?» ይለኛል።

ጥያቄዬ፦ እንደገና ማስተርስ መማር አለብኝ ወይስ በቀጥታ ፒኤችዲ ማመልከት እችላለሁ? ከማመልከቴ በፊት ምን ልማር? መርከብ ላይ ወራት መቆየት ግዴታ ነው? ልጄን ትቼ መሄድ አልችልም። ከተመረቅኩ በኋላስ እውነት ሥራ አለ?

በርገኑ

እህቴ፣ ይቻላል። እኔ ኖርዌይ በርገን ፒኤችዲ 3ኛ ዓመቴ ነው። ደሴ ነው የተወለድኩት፣ ባሕር ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ባሕር አይተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የጠየቁኝ ስለ ማስተርስ ጽሑፌ ነው፣ ስለ ሪግሬሽን ነው፣ አንድ ታይም ሲሪስ (በጊዜ ቅደም ተከተል የተለካ ዳታ) ቢሰጡኝ ምን እንደማደርግበት ነው። ከዚያ «የጻፍከው ኮድ ካለ አሳየን» አሉኝ። ጊትሀብ ላይ (ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው) የነበረችኝን ትንሽ ሥራ ከፍቼ እያስረዳሁ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እኔ እንደሚመስለኝ የተቀጠርኩት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ሁለተኛ ማስተርስ አያስፈልግሽም። በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በዴንማርክ፣ በኔዘርላንድ፣ በአብዛኛው በጀርመንም ፒኤችዲ ማለት ሥራ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፕሮጀክቱ ቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ደመወዝ አለው፣ ግብር ትከፍያለሽ። ማስታወቂያው ላይ ብዙ ጊዜ «በውቅያኖስ ሳይንስ፣ በሜትሮሎጂ፣ በፊዚክስ፣ በሂሳብ ወይም በተመሳሳይ ሙያ ማስተርስ ያለው» ይላል። አንቺ እዚያ ውስጥ አለሽ። ኢዩራክሰስ የሚባለውን የአውሮፓ የምርምር ሥራ ማስታወቂያ በየሳምንቱ እዪ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የአውሮፓ ኅብረት በገንዘብ የሚደግፋቸው የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርክ ቦታዎች ዜግነት አይጠይቁም፣ ክፍያቸውም ጥሩ ነው። ደንባቸው ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖረ ሰው ነው የሚፈልገው። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ ደንብ በር ይከፍታል። አውሮፓ ለማስተርስ መጥተው እዚያው አገር ለመቀጠር ያሰቡ ጓደኞቼ ግን በዚሁ ደንብ ወድቀዋል። ስለዚህ «መጀመሪያ ማስተርስ ልማርና ከዚያ» የሚለው ሐሳብ አንዳንዴ ራሱ በር ይዘጋል።

ጨውና ውሃ

በርገኑ ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ጀርመን ፖስትዶክ ነኝ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ በጊዜያዊ ውል የምሠራ ተመራማሪ፣ አመልካቾችን ከሚያዩት አንዱ ሆኜም ሠርቻለሁ። ስታቲስቲክስ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ላይ በጣም ይቸገራል። ውሃው ለምን እንደሚንቀሳቀስ ካላወቅሽ ሞዴልሽ የሚሰጥሽን ውጤት መፍረድ አትችዪም። ፊዚክስ ስለተማርሽ ሁለተኛ ማስተርሱ ይቅር፣ ግን የመሬት መሽከርከር በሚፈስ ውሃ ላይ የሚያደርገውን፣ ጥግግት (አንድ ዓይነት መጠን ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ) በሙቀትና በጨው እንዴት እንደሚለወጥ፣ ነፋስ የላይኛውን ውሃ እንዴት እንደሚገፋ ቁጭ ብለሽ አጥኚ። 3 ወር በቂ ነው። የዩኔስኮው የውቅያኖስ ኮሚሽን ኦሽንቲቸር በሚባለው ማሰልጠኛው በኩል በኦንላይን በነጻ የሚሰጣቸው ኮርሶች አሉ።

ከዚያ አርጎን ያዢ። ካላወቅሽው፣ አርጎ ማለት በዓለም ውቅያኖሶች ላይ የተበተኑ 4,000 ገደማ ፍሎቶች ናቸው። እያንዳንዱ ከአንቴናው ጋር ሰው የሚያህል ቱቦ ነው። 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ይንሳፈፋል። በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይወርድና ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፣ የለካውን በሳተላይት ይልካል፣ ተመልሶም ይሰጥማል። ዳታው በ24 ሰዓት ውስጥ ገደማ ለማንም ሰው በነጻ ይለቀቃል። አዲስ አበባ ካፌ የተቀመጠም ካሊፎርኒያ የተቀመጠም እኩል ነው የሚያገኘው። ፓይተን ላይ ይህን ዳታ የሚያወርድ አርጎፓይ የሚባል መሣሪያ አለ፣ ዳታውን የምትሠሪበትን ኤክስአሬይንም አብረሽ ተማሪ። ፋይሎቹ ኔትሲዲኤፍ በሚባል ቅርጽ ናቸው፣ እሱን መክፈት ካወቅሽ የአውሮፓው የባሕር ዳታ አገልግሎት የኮፐርኒከስ ማሪንም የሳተላይቶቹም ዳታ ይከፈትልሻል።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ፒኤችዲ ስጀምር አንድ ፍሎት ይዤ 1,500 ሜትር ላይ ያለው ውሃ በ2 ዓመት ውስጥ ጨው እየበዛበት እንደሄደ አየሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ያህል ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ እንዲህ ቶሎ አይለወጥም፣ እኔ ግን ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ግራፍ ስሠራ አደርኩ። ጠዋት ሱፐርቫይዘሬ አንድ ጊዜ አየችውና «የትኛውን ዓምድ ነው የተጠቀምከው?» አለች። የተጠቀምኩት ጥሬውን ጨዋማነት ነበር። ሴንሰሩ ነው እንጂ ውሃው አልተለወጠም። የታረመው ዓምድ አጠገቡ ነበር፣ «አጀስትድ» የሚል ቅጥያ አለው። የጥራት ቁጥርም አብሮ አለ፣ 1 ጥሩ ነው፣ 4 መጥፎ ነው። ይህን የምታውቅ አመልካች ኢሜይል ብትጽፍልኝ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

ሜትሮ

እህት ዓለም፣ እኔ የአየር ትንበያ ላይ ረጅም ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የያዝሽው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ እንዳትለቂው። «ስለ ውቅያኖስ ምን አገባሽ» ለሚሉሽ የ2007 ዓ.ም. ክረምትን አስታውሻቸው። ኤልኒኞው፣ ማለትም የላይኛው ውሃ ከወትሮው መሞቅ፣ የነበረው ሰላማዊ (ፓስፊክ) ውቅያኖስ ላይ ነው፣ የደረቀው ግን የእኛ ማሳ ነው። በ2012 መግቢያ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ በጣም ሞቆ ነበር፣ ደቡቡና ምሥራቁ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከዚያ ደግሞ ላኒኛ፣ የኤልኒኞ ተቃራኒ የሆነው መቀዝቀዝ፣ ለ3 ተከታታይ ዓመት መጣና ቦረና ላይ 5 የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሳይሳካ ቀረ። ከብቶቻቸው ያለቁባቸውን ሰዎች ሄጄ አይቻለሁ። አንድ አባት ባዶ በረት ውስጥ ቆመው በረቱን ይጠርጉ ነበር። ከብት የሌለበትን በረት።

ስለዚህ ማመልከቻሽ ላይ ባሕር ስለመውደድ አትጻፊ። የህንድ ውቅያኖስ ሙቀትና የእኛ ዝናብ ግንኙነት ላይ ያለሽን ጥያቄ ጻፊ፣ የሠራሽውን ጽሑፍ አያይዢ። የዝናቡን ወገን ከሌላ አመልካች አብልጠሽ ታውቂዋለሽ።

ወረቀቱን አሁን ጀምሪ። ኮስት ሼሪንግ ሳይጠናቀቅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንደማይወጣ ታውቂያለሽ፣ የሰነድ ማረጋገጡም ቀን ይበላል። ሰው ጥሩ ቦታ አግኝቶ በወረቀት ሲያመልጠው አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲሽ የጥናት ፈቃድ ከሰጠሽ ውል ትፈርሚያለሽ፣ ዋስም ትጠሪያለሽ፣ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ አንብቢ።

ሌላም መንገድ አለ። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ በመሬት ሥርዓት ፊዚክስ የ1 ዓመት ዲፕሎማ ወጪውን ሸፍኖ ይሰጣል፣ ከእኛ አገር ብዙ ልጆች አልፈውበታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ላለው ሰው ወርቅ ነው። ለአንቺ ግን ወደ ኋላ መመለስ ይሆንብሻል ባይ ነኝ።

ሃይፋ

ሰላም እህቴ። እኔ እስራኤል ነው ያደግኩት፣ ወላጆቼ ከጎንደር ናቸው። ሃይፋ አንድ የባሕር ምርምር ተቋም ውስጥ ዳታ ላይ ነው የምሠራው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ስለዚህ የመርከቡን ጥያቄ እኔ ልመልሰው።

ግዴታ አይደለም። በዳታ በኩል የገባ ሰው ሙሉ ፒኤችዲውን አንድም ቀን ባሕር ላይ ሳያድር ይጨርሳል። ማስታወቂያው ላይ «በመርከብ ጉዞ መሳተፍ» የሚል ከተጻፈ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር የለውም። ግን የ5 ቀን ወይም የሳምንት ዕድል ካገኘሽ ሂጂ እላለሁ። እኔ የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ መለኪያውን ከ1,000 ሜትር አወጣነው፣ በጠርሙሶቹ ያመጣነውን ውሃ በእጄ ነካሁት። ከላይ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ኮምፒውተሬ ላይ ለዓመታት ያየሁት 13 ነጥብ ምናምን ዲግሪ የሚል ቁጥር ማለት ይኼ ነው አልኩ። አሁን ቁጥር ሳይ እጄ ያስታውሰዋል።

የሥራውን ነገር ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ፕሮፌሰርነት ጥቂት ሰው ነው የሚያገኘው። ከፒኤችዲ በኋላ ፖስትዶክ ይመጣል፣ 2 ዓመት፣ 3 ዓመት፣ ከዚያ ሌላ አገር። ጀርመን ውስጥ እንደውም ከፒኤችዲ በኋላ በዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊ ውል መቆየት የሚቻለው በመደበኛው 6 ዓመት ነው። ልጅ ላላት ሴት ይህ ቀላል አይደለም። ባለቤትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ እሱ እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል፣ ቋንቋውን ይማራል ወይ። እኔን ያዳነኝ ዳታው ነው። እንዲህ ዓይነት ተቋም ሁሉ ዳታውን የሚያጣራ፣ የሚያደራጅ፣ ለሌሎች የሚያቀርብ ሰው ይፈልጋል። ያ ሥራ ቋሚ ሊሆን ይችላል። ስምሽ ጽሑፍ ላይ ሁልጊዜ ፊት አይወጣም፣ ግን ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ሜትሮ

ሃይፋ ያለችው ላይ ልጨምር። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ፣ ለቀጣናው በሙሉ የወቅት ትንበያ የሚያወጣ ነው። ውቅያኖሱን ማንበብ የሚችል ሰው እዚያም አዲስ አበባም ይፈለጋል። አርባ ምንጭም ሜትሮሎጂ ያስተምራሉ። ተምሮ መመለስ ማለት ሥራ መፍታት አይደለም።

የጣና ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል፣ አብሮኝ ይሄዳል። ከጻፋችሁልኝ ወዲህ ባሉት 10 ቀናት መብራትም ኔትወርክም ባለበት ሰዓት ሁሉ ቁጭ ብዬ አርጎፓይ ጫንኩ። የኤደን ባሕረ ሰላጤን መረጥኩ፣ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ። ፍሎቶቹ ብዙ አይደሉም። የታረመውን ዓምድ ነው የተጠቀምኩት፣ የጥራት ቁጥሩ 1 የሆነውን ብቻ።

አሁን ግን ያልገባኝ ነገር አለ። ከላይ ወደ ታች ስወርድ ጨዋማነቱ መጀመሪያ ይቀንሳል። ከዚያ 600 ሜትር አካባቢ ተመልሶ በጣም ይጨምራል፣ ከዚያ እንደገና ይቀንሳል። ጨው ያለበት ውሃ ከባድ ከሆነ እስከ ታች ለምን አይሰምጥም? መሃል ላይ ምን ያደርጋል? በየፍሎቱ አየሁት፣ ሁሉም ላይ አለ። አሁንም ሴንሰር ነው?

ጨውና ውሃ

ሴንሰር አይደለም! ያየሽው ቀይ ባሕርን ነው።

ቀይ ባሕር የሚገባበት ወንዝ የለም ማለት ይቻላል። በዓመት 2 ሜትር ገደማ ውሃ ይተንበታል፣ ጨዉ ይቀራል። ሰሜኑ ጫፍ ላይ በ1 ኪሎ ውሃ ከ40 ግራም በላይ ይደርሳል፣ የዓለም ውቅያኖስ በአማካይ 35 ነው። ይህ ከባድ ውሃ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ፣ በባብ ኤል መንደብ፣ ከታች በኩል ይወጣል። እዚያ ከባሕሩ ሥር ከፍ ብሎ ያለው ደፍ ጥልቀቱ 140 ሜትር አይሞላም። ደፉን አልፎ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲወርድ ዙሪያውን ካለው ውሃ ጋር ይደባለቃል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ጨዋማ ቢሆንም ሞቃት ነው፣ ከታች ያለው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ እኩያ ጥግግቱን ሲያገኝ፣ ከ400 እስከ 800 ሜትር አካባቢ፣ እዚያው ይዘረጋል። ምልክቱ በአፍሪካ ዳርቻ ወርዶ እስከ ሞዛምቢክ ሰርጥ ድረስ ይታያል።

አሁን ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ ሙቀቱን በአንድ ዘንግ፣ ጨዋማነቱን በሌላው አድርገሽ ሳዪው፣ የጥግግት መስመሮችን አስምሪበት፣ ለምን መሃል ላይ እንደቆመ በዓይንሽ ታያለሽ። ቀጥሎ በወር ለያይው። የሚወጣው ውሃ በእኛ በጋ ይበረታል፣ በክረምት በጣም ይደክማል። ባለሽ ጥቂት ፍሎት ይህ ይታያል ወይስ አይታይም? ስታቲስቲክስ የተማርሽው እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው።

በርገኑ

ግራፉን ጊትሀብ ላይ አድርጊው፣ ኮዱን ከነማብራሪያው። ሱፐርቫይዘር ለሚሆን ሰው ስትጽፊ ኢሜይሉ ከ10 መስመር አይብለጥ። ማን እንደሆንሽ በ2 መስመር፣ ያየሽው ነገር በ3 መስመር፣ ግራፏን አያይዢ፣ የእሱን ወይም የእሷን የትኛውን ሥራ እንዳነበብሽና ምን እንደጠየቀሽ፣ በቃ። ለ50 ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል እንዳትልኪ፣ ያስታውቃል። ረቂቁን እዚህ ለጥፊልንና አብረን እንየው።

የጣና ልጅ

እሺ። ልጄ ስትተኛ እጽፈዋለሁ፣ ነገ ጠዋት እለጥፈዋለሁ።