ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲዋሃዱ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው? እንዴት ልለየው?

እባካችሁ ኬሚስትሪ የገባው ሰው ይድረስልኝ። አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አንዲት ጥያቄ ላይ ተቸክያለሁ። 10.8 ግራም አልሙኒየም ከ8 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢዋሃድ ስንት ግራም አልሙኒየም ኦክሳይድ ይወጣል? ነው የምትለው። የተመጣጠነው እኩልታ 4 አልሙኒየም ከ3 ኦክስጅን ጋር 2 ኦክሳይድ ይሰጣል ይላል።

ወደ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ሲቀየር አልሙኒየሙ 0.4፣ ኦክስጅኑ 0.25 ነው። ከአልሙኒየሙ ብነሳ 20.4 ግራም ይመጣል። ከኦክስጅኑ ብነሳ 17። መልሱ 17 ነው ተብሏል። ደግሞም የገባው ሁሉ ተደምሮ 18.8 ግራም ነው፤ 20.4 ከየት ይመጣል?

ፈተና ላይ ግን መልሱን የሚነግረኝ የለም። ጓደኛዬ «ግራሙ ያነሰው ነው የሚያልቀው፣ በቃ» ይላል። አልዋጥልህ አለኝ። 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ውሃ ሲሠራ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፣ አራት እጥፍ እየከበደ!

ሁለቱንም እስከ መጨረሻ ሳልሠራ የምለይበት መንገድ አለ? ሞሉን በእኩልታው ቁጥር ማካፈል ሲባል ሰምቻለሁ፦ 0.4 ለ4፣ 0.25 ለ3። ከዚያ ትንሹን ነው የምይዘው? ለምን እንደሚሠራም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። የሚተርፈውን አልሙኒየም በግራም ለማግኘትስ ከየት ልጀምር?