በላሊበላ የንጋትና የምሽት ፎቶግራፍ፦ ከሰዓቱ ነው ወይስ ከካሜራው?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለመጪው ገና ወደ ላሊበላ ለመሄድ አስቤያለሁ። ባለፈው ጉዞዬ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ በቤተ ጊዮርጊስ ጠርዝ ላይ የፀሐይን መውጣት ጠብቄ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባነሣኋቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ጣሪያው ከልክ በላይ ነጥቶ፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ጠቁሮ ታየ። ጥፋቱ ከካሜራዬ ይሁን ከሰዓቱ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከላስታ፦
እኅታችን፣ ካሜራዎ ምንም አላጠፋም። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ነው፤ በመሆኑም የመጀመሪያው ጮራ የሚያገኘው በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ብቻ ሲሆን፣ ግድግዳው ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ በጥላ ውስጥ ይቆያል። በሜዳ ላይ ለቆመው ለአክሱም ሐውልት የሚበጀው ሰዓት ለዚህ አይበጅም። እኔ የምመርጠው ፀሐይ ከመውጣቷ 20 ደቂቃ ያህል ቀደም ያለውን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ እኩል ስለሚወርድ ጣሪያውም ግድግዳውም አብረው ይታያሉ፣ የድንጋዩ ቅላትም አይጠፋም። ብርሃኑ አነስተኛ ስለሆነ ግን ካሜራውን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ማቆም ግድ ነው። ግድግዳው ፀሐይ እንዲያርፍበት ከፈለጉ እስከ 4 ሰዓት ይታገሡ። ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን በተመለከተ፣ ከዝናብ መከላከያ መጠለያ ስለተሠራባቸው የንጋት ፀሐይ እንደልብ አያገኛቸውም። ምሽት ላይ ደግሞ በአገራችን ድንግዝግዙ አጭር ስለሆነ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ቦታዎን ይያዙ፤ ያኔ ለፎቶግራፍ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉድጓድ ይልቅ የላስታ ተራሮች ይመረጣሉ።

መልስ፣ ከወልድያ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ትራይፖዱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሰዓት ምእመናን ለኪዳን ጸሎት በጨለማ የሚያልፉበት ጠርዝ ስለሆነ፣ መንገዳቸው ላይ ባይተክሉት ለእነርሱም ለእርስዎም ደኅንነት ነው። እነዚህ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም የሚጸለይባቸው ናቸውና፣ የሰው ፊት ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ፤ በውስጥ ባሉት ሥዕሎች ላይም ፍላሽ ፈጽሞ አያብሩ። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም አናትና ግርጌ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ነጭ ልብሳቸው በፀሐይ ስለሚያንጸባርቅ፣ የካሜራውን ብርሃን መጠን በልብሱ ላይ ይለኩ፤ በጥላ የጠቆረውን በኋላ ፎቶግራፉን ሲያስተካክሉ ማፍካት ይቻላል፣ የነጣ ነጠላ ግን አይመለስም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያንስ በንጋት ላንሣው?

መልስ፣ ከላስታ፦
እርሱ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ስለሆነ ንጋቱ ብዙ አይጠቅመውም፤ ረፋዱን ይሂዱበት፣ ንጋቱን ለቤተ ጊዮርጊስ ያቆዩት።